የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ቤተሰብን በእግዚአብሔር ፊት ማመስገን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከጅማ ነዋሪዎችና ተወላጆች የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ የሚጠይቁት ግን ተቀራራቢ ነገር ነው፦ ቤተሰቤን በእምነቴ እንዴት ላመስግን? የጸሐፊዎቹን ስም ትተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ኮቺ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ከልጆቼ ጋር የምስጋና ጸሎት ለመጀመር ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሳምንት ሳይሞላው ተበተነብኝ። ትልቋ 14 ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ከስልኳ አይነቀልም። መካከለኛው ቶሎ ይሰለቻል። ትንሹ 5 ዓመቱ ነው፤ ቆሞ ያንቀላፋል። ባለቤቴ በለቀማው ወቅት ቡና ላይ ስለሚውል አምሽቶ ነው የሚገባው። ጾመ ነቢያት ሳይወጣ መልክ ላስይዘው ፈልጌአለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ የቤት ጸሎት በአብዛኛው የሚፈርሰው ሲረዝም ነው። እናት ለራሷ የለመደችውን የጸሎት መጠን በ5 ዓመት ልጅ ላይ ስትጭን ልጁ ጸሎትን ከእግር ሕመም ጋር አያይዞ ያድጋል። ውዳሴ ማርያሙንና የዕለቱን ዳዊት እርስዎ እንደ ልማድዎ በማለዳ ያድርሱ። የማታው የቤተሰብ ጸሎት ከ10 ደቂቃ አይለፍ።

ሰዓቱ ከእራት በፊት ይሁን፤ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው። ከእራት በኋላ ከሆነ ትንሹን እንቅልፍ ይወስደዋል። ምግቡ ቀርቦ ከተጀመረ ደግሞ የሁሉም ልብ ሞሰቡ ላይ ነው። ስለዚህ ወጡ ከእሳት ሳይወርድ ይቁሙ። ባለቤትዎን አይጠብቁ። እሳቸው ሲገቡ፣ ልጆቹ ተኝተው ቢሆንም እንኳ፣ በየራሳቸው ላይ እጃቸውን ጭነው በስመ ሥላሴ ይባርኳቸው። ሰንበት ሲሆን መሪው እሳቸው ይሁኑ።

ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ይስጡት። ትንሹ ምንጣፉን ያንጥፍ፤ መካከለኛው መጽሐፉን ያምጣ፤ ትልቋ ታንብብ። ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። የእናቷ ስልክ ከጎን እየበራ የሷ ብቻ ከተከለከለ ልጅቱ የምትማረው ሌላ ነገር ነው። መዝሙሩም ከታተመ መጽሐፍ ይነበብ።

ፊታችሁን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ በስመ አብ ብላችሁ ጀምሩ። አባታችን ሆይን፣ ቀጥሎም በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን በአንድ ድምፅ አድርሱ። ከዚያ በዳዊት 135ኛውን፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ 136ኛውን መዝሙር ክፈቱ። ይህ መዝሙር ለቤተሰብ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል፤ 26 ቁጥሮች አሉት፣ ሁሉም የሚዘጉት «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» በሚለው ነው። ትልቋ የቁጥሩን መጀመሪያ ስታነብ ሌሎቻችሁ ማሰሪያውን ትመልሳላችሁ። ማንበብ የማይችለው ትንሹም በሁለተኛው ቀን ይዞት ይገኛል። በሦስት ማታ ይከፈል፦ በመጀመሪያው ከ1 እስከ 9 ፍጥረትን፣ በሁለተኛው ከ10 እስከ 22 ከግብፅ መውጣትን፣ በሦስተኛው ከ23 እስከ 26 በውርደታችን ያሰበንንና ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብን የሚሰጠውን።

ዋናው የሚመጣው አሁን ነው። ንባቡ ሲያበቃ እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን አንድ መስመር ጨምሩ፤ ሌሎቹ በዚያው ማሰሪያ ይመልሱ። «አባታችንን በዝናብ መንገድ ከአጋሮ በሰላም የመለሰልን» — «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና»። «እህቴ ሒሳቡን እስኪገባኝ ድረስ እንድታስረዳኝ ትዕግሥት የሰጣት» — «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና»። እዚህ ላይ አንድ ደንብ ብቻ ያስፈልጋል፦ ማን፣ ምን፣ መቼ የሚለው ይታወቅ። «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» የሚለው በትልቅ ሰው አፍ ሊያምር ይችላል፤ ልጅ ከለመደው ግን ከሳምንት በኋላ ሳያስበው ይለዋል። መስመር ያልመጣለት ልጅ ዝም ይበል፤ አይገደድ። በመስመሩ ውስጥ ስሙ የተነሣው ሰው አጠገቡ ካለ ደግሞ ልጁ ዞር ብሎ ለራሱ ለሰውየው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይበለው። ከአሥሩ ለምጻሞች ተመልሶ በጌታ እግር ሥር የወደቀው አንዱ ብቻ ነበር፤ «አሥሩ አልነጹምን? ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» የሚለው ጥያቄ (ሉቃስ 17፥17) የተነሣው ዘጠኙ ስላልዳኑ አይደለም። ድነዋል፤ ያልተመለሱ ግን ናቸው። ልጆችዎን የሚያስተምሯቸው ያንን መመለስ ነው።

አንድ ወር ከዘለቃችሁ ሌላ ነገር መጨመር ይቻላል። በቅዳሴ ላይ የምንሰማው ጸሎተ አኮቴት፣ ማለትም የምስጋና ጸሎት፣ «ነአኩቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ያደረገልንን እናመስግን) ብሎ ጀምሮ እግዚአብሔር ያደረገልንን በዝርዝር ይቆጥራል። ከዝርዝሩ ሰባቱን ለሰባቱ ቀን ይመድቡ፦ ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ አቀረበን፣ ተቀበለን፣ አጸናን፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። ሰኞ «ከምን ሰወረን?»፣ ማክሰኞ «በማን እጅ ረዳን?» እየተባለ መስመሩ በዚያ ቀን ቃል ላይ ይሠራል። ልጆቹም እሑድ ካህኑ ዜማውን ሲያነሡ የራሳቸውን ሳምንት ይሰሙበታል።

ሊያበላሹት የሚችሉትንም እንንገርዎ። ከሁሉ የከፋው ጸሎቱን ችሎት ማድረግ ነው፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ከስልክ የማትላቀቅ ልጅ አንተ ገሥጽልኝ» ተብሎ ጮክ ከተባለ ልጅቷ በነጋታው ራሷን አሟት ትተኛለች። ተግሣጹን ለሌላ ሰዓት ያቆዩት። አንድ ቀን ከተስተጓጎለ ደግሞ በማግሥቱ አያካክሱ፤ እንደተለመደው 10 ደቂቃ ይቁሙና ይቀጥሉ። ቤቱ ሐዘን ከገባበት ወይም ሰው ከታመመበት ማንንም «አመስግን» ብለው አያስጨንቁ። በዚያ ማታ በዳዊት 12ኛው፣ በአማርኛው 13ኛው መዝሙር ይነበብ። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፤ «እስከ መቼ» ብሎ አልቅሶ ይጀምርና ወደ ምስጋና የሚደርሰው መጨረሻው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፤ ጅማ ተወልጄ አዲስ አበባ እሠራለሁ። አባቴ ይጠጣ ነበር፤ ሲሰክር እናቴን ይመታት ነበር። አሁን አርጅቷል፤ መጠጡንም ካቆመ ቆይቷል። ለገና ና ይለኛል። «አባትህንና እናትህን አክብር» ሲባል ስሰማ ልቤ ይደነድናል። የሌለኝን ምስጋና ከየት ላምጣ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ትእዛዙ አክብር ይልሃል፤ ክፉውን ደግ ነበር በል ግን አይልህም። ዮሴፍን ተመልከት። ወንድሞቹን ፊት ለፊት «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ» ብሎ ነገራቸው፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም እንዳሰበው የመሰከረው ከዚያ በኋላ ነው (ዘፍጥረት 50፥20)። በሚቀጥለው ቁጥር እነርሱንም ልጆቻቸውንም እንደሚመግብ ቃል ገባ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ፈትኗቸው ነበር፤ ራሱን የገለጠላቸው ይሁዳ በብንያም ፈንታ ባሪያ ልሁን ብሎ ሲቆም ካየ በኋላ ነው (ዘፍጥረት 44)። ይቅርታና መተማመን በአንድ ቀን አይደርሱም፤ ስላልደረሱልህ ኃጢአት ሠራሁ ብለህ አትጨነቅ።

መጀመሪያ ነገሩን ሳትቆርጥ፣ ሳታሳምር ለንስሐ አባትህ ንገር። ከዚያ አንድ ወረቀት ወስደህ በአንደኛው ገጽ ያደረሰባችሁን ጻፍ። በሌላኛው ገጽ በእርሱ እጅ ያገኘኸውን ጻፍ፦ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ያስተማረህ ሙያ፣ ይዞህ የሄደበት ንግሥ፣ ምንም ይሁን። ሁለተኛው ገጽ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ አንድ መስመር ይሁን፤ ለማስመሰል አትሙላው። ምስጋናህም ከዚያ መስመር አይለፍ። «አባዬ፣ የትምህርት ቤት ክፍያዬን አንድም ዓመት አላስተጓጎልክብኝም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ እዚያ ላይ ማቆም በቂ ነው። እውነት ስለሆነ ሁለታችሁንም አያሳፍርም።

ለገና ከሄድክ የመጀመሪያው ጉብኝት አጭር ይሁን። አክስትህ ወይም ጓደኛህ ቤት እደርና ለምሳ ግባ፤ ሳይመሽ ውጣ። የድሮውን ነገር በበዓል ማዕድ ላይ አታንሣው፤ እንግዳ ባለበት የተነሣ ቁስል ወደ ጭቅጭቅ እንጂ ወደ ዕርቅ አይሄድም። መነሣት ካለበት በሌላ ቀን፣ ሁለታችሁም የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ባለበት ይነሣ። እናትህን አስታራቂ አታድርጋት፤ ዋናዋ ተበዳይ እሷ ናት። አባትህ አልቅሶ ይቅርታ ይለምነኛል ብለህም አትጠብቅ። በዚያ ዕድሜ ብዙ አባቶች ይቅርታ የሚጠይቁት «ብላ እንጂ» እያሉ ደጋግመው በማጉረስ ነው።

ዛሬም የሚመታ ሰው ያለበት ቤት የምትኖሩ አንባብያን ይህ መልስ ለእናንተ አይደለም። እናንተ አስቀድማችሁ ከዱላው ራቁ፤ ለሽማግሌም ለፖሊስም ተናገሩ። የምስጋናው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የሚደርስ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ መርሳት ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፏል። አንዱን ነገር በሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ትጠይቀኛለች። ታናሽ ወንድሜና እህቴ እዚሁ ጅማ እያሉ የማስታምማት እኔ ብቻ ነኝ። ጸሎት ላይ ስቆም ንዴት እንጂ ምስጋና አይመጣልኝም።

መልስ፦ መጽሐፈ ሲራክ ያንቺን ቤት አይቶ የጻፈው ይመስላል፦ አባትህን በእርጅናው ዘመን ርዳው፣ አእምሮው ቢጎድል እንኳ ታገሠው ይላል (3፥12-13)። በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 መጀመሪያ ላይ ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ተብሏል። ስለዚህ ጠበሉንም ሕክምናውንም ያዢ። መርሳት ሁሉ የእርጅና ብቻ አይደለም፤ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን እጥረት፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒትም ያመጡታል፤ እነዚህ ደግሞ ሊታከሙ ይችላሉ። ከጠበሉ ስትመለሱ የሐኪም መድኃኒቷ እንዳይቋረጥ ተጠንቀቂ።

«አሁን ነግሬሽ የለ!» አትበያት። መልሱ ይረሳታል፤ የቁጣሽ ድምፅ ግን ልቧ ውስጥ ይቀራል። በአጭሩና በዚያው ቃል መልሺላት፤ ከዚያ እጇን ሥራ አስይዢ፦ ቡና ትልቀም፣ ምስር ትልቀም። በልጅነቷ የያዘችው ጸሎት ከብዙው ትዝታ በኋላ ነው የሚጠፋው። «አባታችን ሆይ» ብለሽ ጀምሪና ዝም በዪ፤ ብዙ ጊዜ እሷ ትጨርሰዋለች። አንቺ ለጸሎት ቃል ባጣሽበት ማታ በእሷ አፍ ጸልዪ፤ ያም ጸሎት ነው።

ንዴትሽ ድካም ነው፤ ድካም ደግሞ መፍትሔው እንቅልፍ ነው። ወንድምና እህትሽን «እርዱኝ» ብትያቸው «እሺ» ብለው ይሄዳሉ። ቀን ቁረጪላቸው፦ ወንድምሽ ቅዳሜ ማታ አብሯት ይደር፣ እሑድ ቅዳሴ ወጥተሽ እስክትመለሺ ይጠብቃት፤ እህትሽ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ትረከብሽ፤ የመድኃኒቱን ወጪ ለሦስት ተካፈሉ። እምቢ ካሉ ጉዳዩን ለንስሐ አባታችሁ አድርሺ። እናትን መጦር የሦስታችሁም ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ ያሳደገችኝ የእናቴ እናት ሙስሊም ናት። እኔ ክርስቲያን ነኝ። እምነቴን ሳልሸራርፍ፣ እሷንም ሳላስከፋ እንዴት ላመስግናት?

መልስ፦ ይህ በጅማ በብዙ ቤት ያለ ነውና አያስጨንቅህ። ለኢድ ሂድና እንኳን አደረሰሽ በላት። የሥጋው ነገር ሁለታችሁም የምታውቁት ልማድ ስለሆነ፣ ስትሄድ ማር፣ ፍራፍሬ፣ ቡና ወይም ዳቦ ያዝ፤ ለገና ስትመጣልህም ያለ ሥጋ የተሠራ ምግብ ለብቻው በተለየ ድስት ይዘጋጅላት። ስሟን በጸሎትህ አንሣ፤ እሷም በዱዓዋ እንደምታነሣህ አትጠራጠር። በእንግዳ ፊት ስለ ሃይማኖት አትከራከራት።

ጥያቄ፦ ልጄ ከሕመሙ ቢድንልኝ ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ልጄ ድኗል። ታኅሣሥ 19 እየደረሰ ነው፤ እኔ ግን ሥራ አቁሜያለሁ። ተበድሬ ላስገባ?

መልስ፦ አትበደሪ። ተስሎ ካለመስጠት አለመሳል እንደሚሻል መክብብ 5፥5 ላይ ተጽፏልና ስለቱን ግን አትተዪው። ብሉይ ኪዳንም ለድኻ መንገድ ትቶለታል፦ የተሳለው ሰው ግምቱን መክፈል ካቃተው በካህኑ ፊት ቆሞ ካህኑ እንደ አቅሙ ይገምትለታል (ዘሌዋውያን 27፥8)። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሽ የተሳልሽውንና ያለሽን በግልጽ ንገሪያቸው። ቆይተሽ አስገቢ ሊሉሽ ይችላሉ፤ ከሌሎች ጋር ተዋጥተሽ እንድታስገቢም፣ ለጊዜው ጧፍና ዕጣን እንድታቀርቢም ሊያዙሽ ይችላሉ።

ለስለቱ ብለሽ ከወላጅሽ መድኃኒት ወይም ከልጅሽ ቀለብ እንዳትቀንሺ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብለው የሚከለክሉትን ጌታ ገሥጿቸዋል (ማርቆስ 7፥10-13)። የዳነውን ልጅሽን በዕለቱ ይዘሽው ሂጂ። ከምን እንደዳነ በሚገባው ቃል ነግረሽው ጧፉን እሱ ራሱ ይስጥ።