በኢንተርኔት በነጻ ስለሚሰጡ ኮርሶች፦ ከጎጃም አንባቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ኮርሱ በነጻ ነው ተብዬ ከጀመርኩ በኋላ ለሰርተፊኬቱ ክፍያ ተጠየቅሁ። ነጻ የሚባለው የቱ ነው?

መልስ፦ እንደ ድርጅቱ ይለያያል። የአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤም.አይ.ቲ. የኮርሶቹን ማስተማሪያዎች ለዓለም እንደሚከፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ያስታወቀ ሲሆን፣ ዛሬም ያለ ምዝገባና ያለ ክፍያ ያቀርባቸዋል፤ ሰርተፊኬት ግን አይሰጥባቸውም። የትምህርት ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን በኢንተርኔት የሚያቀርበው ካን አካዳሚም ነጻ ነው። የዩኒቨርሲቲዎችን ኮርሶች በኢንተርኔት የሚያቀርቡት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመሩት ኮርሴራና ኤድኤክስ ግን ሰርተፊኬቱን፣ በብዙ ኮርሶችም የሚታረመውን ፈተና ጭምር በክፍያ አድርገዋል። በኮርሴራ አቅም የሌለው ተማሪ ለገንዘብ ድጋፍ ማመልከት ስለሚችል፣ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ይሞክሩ።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ አብዛኛው ሰው ጀምሮ ያቋርጣል ይባላል። ለምን?

መልስ፦ እውነት ነው። ኤም.አይ.ቲ. እ.ኤ.አ. በ2012 ለሰጠው የኤሌክትሮኒክስ ኮርስ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበው ያለፉት 7 ሺህ ገደማ ነበሩ። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ለማየት ያህል የገቡ በመሆናቸው ቁጥሩ ብቻውን ውድቀትን አያሳይም። እንዲያውም በዚያው ኮርስ አንድ የ15 ዓመት የሞንጎሊያ ልጅ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ፣ በኋላም ተቋሙ በተማሪነት ተቀብሎታል። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ግን ልጁ ብቻውን አለመማሩ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ራሱ የኤም.አይ.ቲ. ምሩቅ ሲሆን፣ ኮርሱን ለተማሪዎቹ አስተዋውቆ የተግባር ልምምዱን የሚያግዛቸው ሰውም አግኝቶላቸው ነበር። የዋሸራም ሆነ የዲማ የቅኔ ተማሪ ብቻውን ሲቆጥር ውሎ ያዘጋጀውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ እንደሚታረም ሁሉ፣ የኢንተርኔት ተማሪም የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል፤ ለማቋረጥ ዋነኛው ምክንያት የዚህ ሰው መታጣት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ቀጣሪዎች ሰርተፊኬቱን ይቀበሉታል?

መልስ፦ ብዙዎቹ በዲግሪ ምትክ አይቀበሉትም። ከሰርተፊኬቱ ይልቅ በተማሩት የሠሩትን ነገር ቢያሳዩ ይሻላል።

ጥያቄ (ከቢቸና፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር)፦ ኔትወርካችን ደካማ ነው፤ ተማሪዎቼም የእንግሊዝኛ ንግግር መከታተል ይቸግራቸዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ከእርስዎ የተሻለ ቦታ ላይ ያለ ሰው የለም። ኔትወርክ ሲገኝ ቪዲዮዎቹን ዝቅ ባለ ጥራት አውርደው በአንድ ላፕቶፕ ያስቀምጡ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ አጭር ቪዲዮ ይበቃል፦ በመጀመሪያ ከባድ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ጽፈው በአማርኛ ያስረዱ፤ ቀጥሎ የንግግሩ ጽሑፍ ከሥር እንዲታይ አድርገው ቪዲዮውን እያቆሙ ያሳዩ፤ በመጨረሻም ሦስት ሦስት ሆነው መልመጃውን በደብተራቸው ይሥሩ። እንግሊዝኛው በአንድ ወር አይሻሻልም። ሆኖም ተማሪው ያልገባውን እዚያው የሚጠይቀው መምህር ስላለው፣ ለብቻው ከሚከታተለው ይልቅ እስከ መጨረሻው የመዝለቅ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በሂሳብና በፊዚክስ ቢጀምሩ ደግሞ ቀመሩና ሥዕሉ የቋንቋውን ችግር ያቃልልልዎታል።