መናኸሪያው በአባታችን ማሳ ላይ ሊሠራ ነው፤ ቦታውን ማስቀየር እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎጃም፣ ከአንዲት ከተማ ዳር ነው። አባቴ በመሬት ይዞታ ደብተር በያዙት 6 ጥማድ ማሳ ላይ አዲስ መናኸሪያ እንደሚሠራ ተነግሮን ባለሙያዎች መጥተው ለክተዋል። ከመንገዱ ማዶ ድንጋያማ መሬት ሞልቷል። ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቅድሚያ ይህን አጣሩ፤ በጽሑፍ የደረሳችሁ ውሳኔ አለ? ሜትር መዘርጋት ብቻውን ውሳኔ አይደለም። ውሳኔው ካልደረሳችሁ ጊዜው ገና በእጃችሁ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ «መሬታችን አይነካብን» የሚለው ክርክር ሩቅ አይወስዳችሁም። «ለምን ይኸኛው?» የሚለው ግን ይወስዳል። መሬት ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅበትና ስለ ካሳው የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማስለቀቅ ውሳኔ በፕላን ላይ እንዲመሠረት ያዛል፤ አስቸኳይ ካልሆነም ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት ቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ እንዲመከር ይጠይቃል። ቃላችሁ የሚሰማው በዚያ ምክክር ላይ ነው። ከማልቀስ ይልቅ ማስረጃ ይዛችሁ ቅረቡ፦ በክረምት ውኃ የሚተኛው የትኛው ቦታ ነው? በእያንዳንዱ ቦታ ስንት አባወራ ይነሣል? ለተሳፋሪው የሚቀርበውስ የቱ ነው? ማዶ ያለው መሬት የወል ግጦሽ ከሆነ የሌሎች ጎረቤቶቻችሁ ከብቶች መሰማሪያ ነውና ያንንም በሐቅ ጻፉ። ከጎረቤት ጋር አንድ ማመልከቻ አስገቡ፤ ቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን ይታተምበት።

ፍርድ ቤት ቦታ ይመርጥልናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ስለዚህ ለካሳውም አሁኑኑ ተዘጋጁ። የ2011ዱ አዋጅ ለዘለቄታው ለሚለቀቅ የገጠር መሬት፣ ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ የልማት ተነሺ ካሳ ያስከፍላል፤ ባሕር ዛፉና ጌሾው በንብረት ካሳ ለብቻው ይገመታል። በ2016 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1336 ማሻሻያ ስለወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው። ምርቱን በዓመት በዓመቱ መዝግቡ፤ ዛፉን ቆጥራችሁ ፎቶ አንሡ። ያልተሞላ ቅጽ ላይ በፍጹም አትፈርሙ። ደብተሩ ላይ የእናታችሁ ስም ካለ ካሳው የእርሳቸውም ነው፤ ያለ እርሳቸው ድርድር አይጀመር።

የመልቀቂያ ትእዛዝ ከመጣ አቤቱታው ለአቤቱታ ሰሚው አካል የሚቀርበው ትእዛዙ በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ ገበሬ «ሽማግሌ ልልክ» ሲል ይህ ቀን እንዳለፈበት አይቼ አዝኛለሁ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ማመልከቻው ግን ቀድሞ ይግባ።