የቆሮሶ ቆዳ ለቁስል፣ ኮላጅን ለተከላ፦ ከሐዋሳ አንባብያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው እትም ስለ ቃጠሎ አደጋ ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ ከሐዋሳ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት ኮላጅንን ነው፤ ይህም ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጥብቆ የሚይዘው ፕሮቲን ሲሆን በሰውነታችን ካለው ፕሮቲን ሁሉ ወደ ሲሶ የሚጠጋውን ድርሻ ይይዛል። ከደብዳቤዎቹ አራቱን መርጠን ምላሽ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በአሞራ ገደል ዓሣ ገፍፌ፣ ፊሌቶ እያወጣሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከቆሮሶው (ቲላፒያ ከሚባለው ዓሣ) የምንገፍፈውን ቆዳ አባ ኮዳ ይለቅመዋል፤ የተረፈው ዳር ላይ ይበሰብሳል። ልጄ በብራዚል አገር ሐኪሞች ይህንኑ ቆዳ በተቃጠለ ሰው ገላ ላይ ሲለጥፉ በስልኩ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤቴ ልጅ እጇ በፈላ ውሃ ሲቃጠል ትኩስ ቆዳ ላለብሳት ብል ሰዎች ከለከሉኝ። ልክ ናቸው ወይ? ደግሞስ ይህ ቆዳ እንዲህ ዋጋ ካለው ለምን ገዢ አጣ?» (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

ምላሽ፦ የከለከሉዎት ሰዎች ልክ ናቸው፤ ልጅዎ ያሳየዎትም እውነት ነው። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በፎርታሌዛ ከተማ፣ በሴያራ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የቆሮሶን ቆዳ ለቃጠሎ ቁስል መሸፈኛነት ለዓመታት አጥንተዋል፤ በሰዎች ላይ ያደረጓቸውን ሙከራዎችም አሳትመዋል። ዓሣው ከአፍሪካ ውሃዎች ተወስዶ እዚያ በኩሬ የሚረባ እንጂ የብራዚል ተወላጅ ስላልሆነ፣ በእርስዎ እጅ ያለው ቆዳ በዝርያው ከእነርሱ አይለይም።

የሚለየው በቪዲዮው ላይ የማይታየው ሥራ ነው። እዚያ ቆዳው ከቅርፊቱና ከላዩ ከቀረው ሥጋ ፈጽሞ ከጸዳ በኋላ ክሎርሄክሲዲን በተባለው ጀርም ገዳይ ይታጠባል፤ ቀጥሎ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚል ግሊሰሪን ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ታሽጎ የጋማ ጨረር ይሰጠውና እስኪፈለግ ድረስ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ከሐይቅ የወጣ ትኩስ ቆዳ ግን ኤሮሞናስን የመሳሰሉ የሐይቅና የወንዝ ውሃ ባክቴሪያዎችን ይዞ ይመጣል። የተቃጠለ ገላ መከላከያውን ያጣ ገላ ስለሆነ፣ በጤነኛ እጅ ላይ ምንም የማያደርገው ባክቴሪያ በዚያ በኩል ገብቶ ደም እስከ መመረዝ ሊያደርስ ይችላል። የፈላ ውሃ ያቃጠለውን እጅ ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያህል ማቆየት፣ ቀለበትና አምባር ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይበቃል። ቅቤም፣ የጥርስ ሳሙናም፣ ዱቄትም አይቀባ።

ቆዳው ተዘጋጅቶ በባለሙያ እጅ ሲለጠፍ የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው በሕመም ላይ ነው። በተለመደው ሕክምና ቁስሉ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን የተባለ ክሬም ተቀብቶ በጎዝ ይሸፈናል፤ ጎዙም በየጊዜው ተነሥቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ እንደገና መቀባት አለበት። ፋሻ በሚቀየርበት ሰዓት በቃጠሎ ክፍል ደጃፍ ያለፈ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከውስጥ በሚሰማው ጩኸት ብቻ ያውቀዋል። የቆሮሶ ቆዳ ግን በኮላጅን የበለጸገና እርጥበት የሚይዝ በመሆኑ ከቁስሉ ወለል ጋር ተጣብቆ ይቆያል፤ የተጋለጡትን የነርቭ ጫፎች ይሸፍናል፤ ቁስሉ ከሥሩ እስኪድን ድረስም ቶሎ ቶሎ መነሣት አያስፈልገውም። ይህ የሚሠራው የቆዳው የላይኛው ክፍል ብቻ ለተጎዳበት ቃጠሎ ነው። ቆዳው እስከ ሥሩ ከተቃጠለ የዓሣ ቆዳ ለጊዜው ይሸፍን ይሆናል እንጂ ከሕመምተኛው ከራሱ ገላ ተወስዶ የሚለጠፈውን ቆዳ አይተካም።

ገዢ ያጣበት ምክንያት ደግሞ እንዲህ ነው። ለሕክምና ዕቃ የሚገዛ ድርጅት ከቆዳው ጋር ታሪኩንም ይገዛል፦ ዓሣው ከየትኛው ውሃ ወጣ፣ ስንት ሰዓት ሞተ፣ ከዚያ በኋላ በምን ያህል ቅዝቃዜ ተያዘ፣ በውስጡ ከባድ ብረት አለ ወይስ የለም። በሐዋሳ ሐይቅ በተለይ በቢልጫ ዓሣ ላይ ሜርኩሪ መገኘቱ በጥናት ተዘግቧል፤ ቆሮሶ ሌላ ነገር ይበላልና ከቢልጫ ጋር አንድ ባይሆንም፣ ገዢው ምርመራውን መጠየቁ አይቀርም። ረፋዱ ላይ ተገፍፎ እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ የቆየ ቆዳ ሽታው ራሱ እንደሚመሰክረው መበስበስ ጀምሯል፤ እዚያ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ከላቦራቶሪ በፊት በረዶ ነው። በእኔ አስተያየት ለአሞራ ገደል ቅርቡ ገበያ ሕክምና ሳይሆን ለቦርሳና ለጫማ የሚለፋ የዓሣ ቆዳ ነው፤ ለሕክምናው በኩሬ የረባና መኖው የታወቀ ዓሣ ይመረጣል።

ጥያቄ፦ «በፋርማሲ በጣሳ የሚሸጠው የኮላጅን ዱቄት ለጉልበቴ ሕመም ይረዳኛል? ዋጋው አልተቻለም። የቅልጥም መረቅ ብጠጣስ?» (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ምላሽ፦ የሚጠጣ ኮላጅን ልክ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን በሆድና በአንጀት ተፈጭቶ ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮችና ወደ አሚኖ አሲዶች ይለወጣል፤ ሰውነትዎ እነዚህን ለፈለገው ሥራ ያውላቸዋል እንጂ መርጦ ወደ ጉልበትዎ አይልካቸውም። በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ መጠነኛ ለውጥ አየን የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ይሁንና ብዙዎቹ የዱቄቱ አምራቾች ገንዘብ ያወጡባቸው ናቸው። ሐኪም በቁስል ላይ ከሚያኖረው ወይም በአጥንት መካከል ከሚተክለው ኮላጅን ጋር ይህ ዱቄት ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። የቅልጥም መረቅ ደኅና ምግብ ነው፤ ይጠጡ። ሰውነት የራሱን ኮላጅን አጽንቶ ለመሥራት ቫይታሚን ሲ የግድ ስለሚያስፈልገው፣ በጣሳው ዋጋ ብርቱካን፣ ቃሪያና ጎመን ቢገዙ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ «የመንጋጋዬ አጥንት ስለሳሳ የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ ከመትከሉ በፊት የአጥንት ዱቄትና ስስ ሽፋን እንደሚያስገባ ነገረኝ። ሽፋኑ ከእንስሳ የተሠራ ነው ሲለኝ ከየትኛው እንስሳ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። እኔ የአሳማ ነገር በገላዬ እንዲገባ አልፈልግም። መጠየቄ ነውር ነው?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

ምላሽ፦ ነውር አይደለም፤ መልሱም ከሐኪሙ የሚጠበቅ ነው። በዓለም ገበያ ካሉት የጥርስ ሕክምና ሽፋኖች ብዙዎቹ ከአሳማ ኮላጅን የተሠሩ ናቸው፤ ከከብት የተሠሩም አሉ። ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑ ተወግዶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ የከብት አጥንት ነው። ሽፋኑ የሚነጠፈው የድድ ሕዋሳት ከአጥንት ሕዋሳት ይልቅ ፈጥነው ስለሚያድጉ ክፍተቱን ቀድመው እንዳይሞሉት ነው፤ አጥንቱ ቦታውን እስኪይዝ ከሳምንታት እስከ ወራት ይቆይና ሰውነት ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። የእንስሳው ዓይነት ከዕቃው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ስለሚጻፍ፣ ከቀጠሮው በፊት ወረቀቱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ የማይስማማዎት ከሆነም የከብት ወይም በፋብሪካ ከተቀመመ ነገር የተሠራ ሽፋን እንዲያመጡልዎት ይነጋገሩ። የሃይማኖቱን ጉዳይ ለንስሐ አባትዎ ወይም ለኢማምዎ እተወዋለሁ።

ይህ ጥያቄ ከጥርስም ያልፋል። በቀዶ ሕክምና ከሚተኩት የልብ በሮች አንዳንዶቹ የአሳማ፣ አንዳንዶቹ ከከብት የልብ ከረጢት የተሠሩ ናቸው፤ ካትጉት የሚባለው የቀዶ ሕክምና ክርም ከበግ ወይም ከከብት አንጀት የሚሠራ ኮላጅን ነው። ከከብት በሚወሰደው በኩል የሚያሰጋው የእብድ ላም በሽታ ነበር፤ በሽታውን የሚያመጣው ፕሪዮን በተለመደው ጀርም ማጥፊያ ዘዴ ስለማይጠፋ፣ አምራቾች እንደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ካሉ በሽታው ካልታየባቸው አገሮች መግዛትን ይመርጣሉ። ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዓሣ ካዞሩባቸው ምክንያቶች ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ የእብድ ላም ስጋት የለበትም፣ የአሳማም ጥያቄ አይነሣበትም። ዓሣ የማይስማማው ሰው ግን ይህንን ለሐኪሙ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ «በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ከቆሮሶ ቆዳ ኮላጅን አውጥቼ ለቁስል መሙያ የሚሆን ስፖንጅ እሠራለሁ። ስፖንጁ ነጭና ቀላል ሆኖ ይወጣል፤ በ37 ዲግሪ የጨው ውሃ ውስጥ ሳስገባው ግን በማግስቱ የለም። አማካሪዬ ግሉታራልዲሃይድ የተባለውን ማጠንከሪያ ጨምርበት ይሉኛል፤ ሳነብ ደግሞ መርዛማ ነው ይላል። የቱን ልከተል?»

ምላሽ፦ ማጠንከሪያ ከመጨመርዎ በፊት በእጅዎ ያለው ኮላጅን ይሁን ጄላቲን ያረጋግጡ። የኮላጅን ሞለኪውል እርስ በርስ የተጠማዘዙ ሦስት ሰንሰለቶች ሲሆኑ ርዝመቱ ወደ 300 ናኖሜትር ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ሦስተኛው አሚኖ አሲድ ሁልጊዜ ግላይሲን ነው፤ ከዚህ የሚገዝፍ ሌላ አሚኖ አሲድ በመጠምዘዣው እምብርት አይገባምና። ይህን ቅርጽ በ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በሕንዷ ማድራስ (ዛሬ ቼናይ) ከተማ ያቀረቡት ራማቻንድራንና ካርታ ነበሩ። በዚያችው ከተማ ያለው የቆዳ ምርምር ተቋም ኋላ ከኛው የቆዳ ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር ተጣምሮ መሥራቱ አያስገርምም፤ በሞጆ ፋብሪካዎች ቆዳ በክሮም የሚለፋበት ጥበብ የኮላጅን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ ማሰር ነው፤ ክሮሙ ግን ለገላ አይሆንም።

ሙቀት ሲበዛ ሦስቱ ሰንሰለቶች ይፈታሉ፤ የተፈታው ጄላቲን ነው። የሚፈታበት ሙቀት እንስሳው የኖረበትን ሙቀት ይከተላል፦ የቀዝቃዛ ባሕር ዓሣ የሆነው የኮድ ኮላጅን በ15 ዲግሪ አካባቢ፣ የቆሮሶ ከ30 ዲግሪ ከፍ ብሎ ግን ከ37 በታች፣ የከብት ከ37 ትንሽ አልፎ ይፈታል። ስለዚህ ያልታሰረ የቆሮሶ ኮላጅን በሰው ገላ ሙቀት መሟሟቱ የሚጠበቅ ነው። ሌላው ጥርጣሬዬ በአወጣጡ ላይ ነው። ቆዳው በ0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ውስጥ ፕሮቲን ከሚቆርጠው ኢንዛይም ከፔፕሲን ጋር የሚቆየው በ4 ዲግሪ ነው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ከሞቀ ፔፕሲኑ የበለጠ ይቆርጣል፤ ጠዋት በእጅዎ የሚቀረው የተበጣጠሰ ይሆናል። ሰንሰለቶቹ አለመፈታታቸውን በብርሃን የሚያሳየውን ሰርኩላር ዳይክሮይዝም የሚለካ መሣሪያ ካላገኙ፣ ትራይፕሲን የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ይጨምሩበት፤ ያልተፈታ ኮላጅን ትራይፕሲንን ይቋቋማል፣ ጄላቲን አይቋቋምም።

ወደ ማጠንከሪያው፣ ማለትም ሰንሰለቶቹን ወደሚያስረው ማሰሪያ ስንመጣ፣ አማካሪዎ የነገሩዎት የቆየ ዘዴ ነው፤ የእንስሳ የልብ በሮች እስከ ዛሬ በግሉታራልዲሃይድ ይታሰራሉ። ነገር ግን እነዚያ በሮች ሳይሟሟ ለዓመታት እንዲቆዩ የሚፈለጉ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ በጊዜ ብዛት ካልሲየም ይይዛቸዋል። የእርስዎ ስፖንጅ ሥራ የተለየ ነው። ለሕንፃ የሚተከል የባሕር ዛፍ መወጣጫ ግድግዳው ሳይደርቅ ቢነሣ ሥራው ይበላሻል፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢቆይ ልስኑን ያግዳል። ስፖንጁም የሚሟሟበት ጊዜ አዲሱ ሥጋ ከሚያድግበት ጊዜ ጋር መገጣጠም አለበት፤ የያናስና የበርክ ሥራ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው። ከኤም.አይ.ቲ. የመጡት ያናስና የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታሉ ሐኪም በርክ፣ ከከብት ጅማት ኮላጅንና ከሻርክ ዓሣ በተገኘ ኮንድሮይቲን ሰልፌት የሠሩትን ሰው ሠራሽ ቆዳ በከባድ ቃጠሎ ላይ ሞክረው በ1981 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በአሜሪካ ለሽያጭ የተፈቀደው ግን በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የቀዳዳዎቹም መጠን ወሳኝ ነበር፤ ለቆዳ ከ20 እስከ 120 ማይክሮሜትር አካባቢ ያለው ሲሠራ፣ የጠበበው ሕዋሳትን አላስገባም። ቀዳዳውን የሚቀርጸው በረዶው ነው፦ ቀስ ብሎ የበረደ ድብልቅ ትልልቅ ክሪስታል ሠርቶ ሰፊ ቀዳዳ፣ ፈጥኖ የበረደ ጠባብ ቀዳዳ ይተዋል። የፍሪዘርዎን ሙቀት ይመዝግቡ።

ስለዚህ ምክሬ ካርቦዲኢሚድ በተባለው ማሰሪያ እንዲጀምሩ ነው፤ ሰንሰለቶቹን በቀጥታ ያያይዛል፤ ራሱ ግን በማሰሪያው ውስጥ ሳይቀር በእጥበት ይወጣል። አንድ ማሰሪያ ካልበቃ ሁለት መጠቀም ይቻላል። በስዊድን የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአሳማ ቆዳ በተገኘ ኮላጅን ሠርተው በ2022 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የዓይን ብሌን ሽፋን በኬሚካልም በብርሃንም የታሰረ ነበር፤ በሕንድና በኢራን በ20 ሰዎች ዓይን ላይ ተተክሎም ቀደም ሲል ዐይነ ስውር የነበሩት 14ቱ ማየት ችለዋል።

ብዙ ተማሪዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ልጨምር። ስፖንጁን በ121 ዲግሪ በአውቶክሌቭ ካጸዱት ይበላሻል፤ እርጥብ እንፋሎት ወደ ጄላቲን ይለውጠዋል። ኤትሊን ኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ወይም ጋማ ጨረር ይጠቀሙ፤ ጋማም ቢሆን ሰንሰለቶቹን በከፊል ይቆርጣል። በመሆኑም በ37 ዲግሪ ስንት ቀን እንደሚቆይና ምን ያህል ጉልበት እንደሚችል የሚለኩት ከጨረሩ በፊት በነበረው ሳይሆን ከጨረሩ በወጣው ናሙና ላይ ይሁን፤ የሕክምና መሣሪያዎች ለሰውነት መስማማታቸው በሚመዘንበት ዓለም አቀፍ መስፈርት በአይ.ኤስ.ኦ. 10993 መሠረት በሕዋሳት ላይ የሚደረገው የመርዛማነት ምርመራም በዚያው ናሙና ይሠራ። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ስለሚቆጣጠር፣ ወደ ሰው ሙከራ የሚያመራ ሐሳብ ካለዎት የዓሣዎቹን ምንጭና የእያንዳንዱን ዙር ሙቀት የያዘ መዝገብ ከዛሬ ጀምረው ይያዙ።