ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ማህደሩ ይከፈት

እህቴ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 140 ካሬ ላይ ያረፈ ባለ ሦስት መኝታ ቤት አግኝታችኋል። ባለቤቱ ውጭ ሀገር ነው፣ የሚሸጠው ወኪሉ ነው። የካርታውን ፎቶ ኮፒ አሳይተዋችኋል። ደላላው ደግሞ «ሌላ ገዢ አለ፣ እስከ ቅዳሜ 300 ሺህ ብር ቀብድ ካልሰጣችሁ ያመልጣችኋል» ብሏል። ምን ምን እንይ ነው ያልሽው። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ፣ ምክንያቱም «እስከ ቅዳሜ» የሚባለውን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ነው። እኔና ባለቤቴ ከአያት ወጣ ብሎ አንድ ቤት ወደድን። ግቢው የጌሾ ዛፍ አለው፣ ልጆቹ የሚሮጡበት ቦታ አለው፣ ዋጋውም ከአቅማችን ብዙ አይርቅም። ሻጩ ካርታውን በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ፎቶ ኮፒ አይደለም፣ ዋናው ነው። ማህተሙን አየን፣ የዓመቱን የግብር ደረሰኝ አየን፣ መታወቂያውን ከካርታው ጋር አስተያየን። ሁሉም ልክ ነው። በዚያው ቀን ማታ ደላላው ባስጻፈው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈርመን 150 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከሻጩ ጋር ወደ ክፍለ ከተማው የመሬት ቢሮ ሄድን። ባለሙያዋ ማህደሩን ከመደርደሪያ አወረደች፣ አቧራውን በእጇ ጠረግ አደረገችና ከፈተችው። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ በስፒል የተያያዘ የፍርድ ቤት ደብዳቤ አለ። ምንም አላለችም። ማህደሩን ወደ እኛ አዞረችና ጣቷን «እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ» የሚለው መስመር ላይ አደረገች። ሻጩ ቀና ብሎ አላየንም። ቤቱ የአባቱ ነበር፣ በካርታው ላይ ስሙን ካዞረ በኋላ እህቱ በውርስ ከሳዋለች። ያውቅ ነበር።

ብራችንን ለማስመለስ ሰባት ወር ፈጀብን፣ እሱም በሦስት ጊዜ ተቆራርጦ ነው። እርግጥ ሕጉ ከእኛ ጋር ነበር። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል፣ የሰጠው ካፈረሰ ደግሞ ቀብዱን ያጣል። ግን ብሩን በልቶ የጨረሰ ሰው ላይ እጥፍ ማስፈረድ ሌላ፣ እጥፉን እጅ ላይ ማግኘት ሌላ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው። ካርታው የሚነግርሽ በተሰጠበት ቀን የነበረውን ሁኔታ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የሆነውን፣ ባንክ መያዣ ያደርገው፣ ፍርድ ቤት ያግደው፣ የሊዝ (ለመንግሥት የሚከፈል የቦታ ኪራይ) ዕዳ ይኑርበት፣ መንገድ ይለፍበት፣ የሚያውቀው ማህደሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማህደሩ ይከፈት፣ ከዚያ ቀብድ። ማህደሩ የሚከፈተው ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሲጠይቅ ነው፣ እናንተ ብቻችሁን ብትሄዱ ማንም አያሳያችሁም። ወኪሉ አብሯችሁ ለመሄድ ግማሽ ቀን ካጣ መልሱን አግኝታችኋል። ደግሞ የቃል መልስ ይዛችሁ አትመለሱ። ከዕዳና ከእገዳ ነፃ ስለመሆኑ በጽሑፍ ይጠየቅ። ማስረጃው ከቆየ ደግሞ ለውሉ ቀን እንደገና አሳድሱት፣ በመሐል እገዳ ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን። በእናንተ በኩል የአዲስ አበባ ድንበር አካባቢ ቦታዎች ኦሮሚያ ውስጥ ወዳለው ሸገር ከተማ የገቡም አሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቀሩም አሉ። ሸገር በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ሰበታን፣ ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎን፣ ገላንን ጠቅልሎ ነው። ሰፈሩ በአፍ ቱሉ ዲምቱ ስለተባለ ብቻ ማህደሩ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ነው ብለሽ አትደምድሚ። ካርታውን የሰጠው ማን እንደሆነ፣ ማህደሩ ዛሬ በየትኛው ቢሮ እንዳለ አረጋግጪ።

አሁን ወደ ውክልናው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወረቀት ስላየ ብቻ ይረካል። ውክልናው «ቤት ለመሸጥ» ብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ጉዳዬን ያስፈጽምልኝ፣ ንብረቴን ያስተዳድርልኝ የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም። ውጭ ሀገር የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ በኩል አልፎ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና ሰነዶች ማረጋገጫ (ሁላችንም አሁንም ውልና ማስረጃ ነው የምንለው) ደርሶ መሆን አለበት። እዚያው ሄዳችሁ አለመሻሩንም ጠይቁ። ሌላው ደግሞ ውክልና ከወካዩ ጋር ይሞታል። ሰውየው ካረፉ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ ከዚያ በኋላ ወራሾች ናቸው ባለመብቶቹ። ስለዚህ ባለቤቱን በቪዲዮ አነጋግሩት። ፊቱን እዩ፣ ዋጋውን እሱ ራሱ ይንገራችሁ፣ ብሩ በማን ሒሳብ እንደሚገባም ከእሱ አፍ ስሙ። አንዳንድ ወኪል ለባለቤቱ የሚነግረው ዋጋና ለእናንተ የሚነግራችሁ ዋጋ አይገናኝም፣ ያ ሲታወቅ ጠቡ እናንተ ደጃፍ ነው የሚመጣው።

ባለትዳር ከሆነ ሚስቱስ? ይህንን ሳትጠይቂ አትለፊ። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ ቤት ሲሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው በእሱ ስም ብቻ መሆኑ ቤቱን የግሉ አያደርገውም። ያልተስማማችው ሚስት ሽያጩን ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተፈጸመ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ብላ መክሰስ ትችላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤትሽ በስጋት መቀመጥ ነው። እሷም ለሽያጩ ውክልና መስጠቷን አረጋግጡ። አላገባም ካለ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። ተፋትቻለሁ ካለ የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ያሳይ።

ከአንቺ ጥያቄ በታች አንድ ወንድም «ካርታ በሂደት ላይ ያለ ግዙ፣ በግማሽ ዋጋ ታገኛላችሁ» ብሏል። ወንድሜ፣ በቅንነት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን በዚህ አልስማማም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። እኛ የምንገዛው ቤቱን ነው፣ ከቤቱም ጋር የመጠቀም መብቱን። መብቱ ከሌለ ከአርሶ አደር በእጅ ወረቀት የተገዛ ቦታ ላይ በሌሊት የቆመ ጨረቃ ቤት ነው የምትገዙት። ግሬደር የመጣ ቀን ያ ወረቀት ማንንም አያስቆምም። ዳር ዳሩን የምንኖር ሰዎች ይህንን በዓይናችን አይተናል። ፍራሽና ድስት መንገድ ዳር ተቆልሎ፣ ልጆች ቦርሳቸውን ታቅፈው ላዩ ላይ ተቀምጠው። እባካችሁ በዚህ ላይ ቁጠባችሁን አታውጡ።

ማህደሩና ውክልናው ንጹሕ ከሆነ ቤቱን እንደገና እዩት። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ካርታው 140 ካሬ ብሎ ግቢው 155 ከሆነ ትርፏ 15 ካሬ የእናንተ አይደለችም፣ ዋጋዋንም አትክፈሉ። ሰርቪስ ቤቱና የግንብ አጥሩ ካርታው ላይ ካለው መስመር ውስጥ መሆናቸውን ለኩ። ይዞታው ነባር (ያለ ሊዝ የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ? ሊዝ ከሆነ ቀሪ ዕዳው ስንት ነው፣ በዓመት ስንት ይከፈላል? ከአሁን ወዲያ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ዋጋ ስትደራደሩ ይህ ይቀነስ።

አፈሩን ደግሞ አደራ። በዚያ በኩል ብዙው መረሬ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሳዋል ያወርደዋል። እኔ አሁን ያለሁበትን ከመግዛቴ በፊት ሌላ አንድ ቤት አይቼ ነበር፣ አዲስ ቀለም የተቀባ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ጥግ ላይ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ ከጥጉ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚወጣ ስንጥቅ አየሁ። የአንድ ብር ሳንቲም ሙሉውን ገባበት። ሻጩ «የልስን ነው» አለኝ። የልስን ስንጥቅ ሳንቲም አይውጥም። ስለዚህ መጋረጃ ግለጡ፣ ቁም ሣጥን ፈቀቅ አድርጉ፣ በሮቹ ሳይጎተቱ እንደሚዘጉ ሞክሩ። መሠረቱ ሲቆፈር ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በሰሌክት (በተመረጠ ጠንካራ ሙሌት) ተሞልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ የምታውቁትን ግንበኛ ወይም ፎርማን የአንድ ቀን አበሉን ከፍላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ጎረቤት ጋ ሳትገቡ አትመለሱ። ደላላው በሌለበት ሰዓት፣ ማታ ወይም እሑድ ጠዋት። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በቦቴ ነው የምትጠቀሙት? መብራት ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከሌላ ቤት የተሳበ? ዝናብ ሲጥል መኪና ይገባል? ከዚህ በፊት ይህን ቤት ሊገዛ መጥቶ የተመለሰ ሰው አለ? የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ ያን ጊዜ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ከእኛ በፊት ሁለት ገዢዎች መጥተው መመለሳቸውን ጎረቤት የነበሩት እማማ ይነግሩኝ ነበር። በኋላ ነገሩኝ።

ቀብዱ ላይ። ከቤቱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ይሁን፣ 300 ሺህ ለቀብድ ብዙ ነው። በባንክ ይተላለፍ፣ በባለቤቱ ሒሳብ። ወረቀቱ ላይ ዋናው ውል የሚፈረምበት ቀን፣ እገዳ ወይም ዕዳ ቢገኝ ብሩ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ ይጻፍ። ዋናው ውል ግን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ካልተፈረመ በስተቀር ቤት ገዛሁ አትበሉ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት የሚደረግ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ይጠይቃል። ቀሪውን በሲፒኦ (ባንክ በሚያረጋግጠው የክፍያ ሰነድ) ክፈሉ። እኛ ከዋጋው የተወሰነውን ካርታው በስማችን እስኪዞር ድረስ አስቀርተን ነበር፣ ሻጩም ተስማማ፣ ውሉ ላይም ገባ። ቴምብር ቀረጥ 2%፣ አሹራውን (ስም ሲዞር የሚከፈለውን) እና ሌላውን ማን እንደሚከፍል፣ የደላላውን ኮሚሽን ጭምር፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ግብር ለመቀነስ ብላችሁ ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አታድርጉ። ነገ ውሉ ቢፈርስ የምትጠይቁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው።

ሻጮችም እዚህ ስላላችሁ አጭር ነገር ልበል። እኔ አምና የእናቴን ቤት ሸጬ ነበር። የወራሽነት ማስረጃውን፣ የግብር ክሊራንሱን (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያሳየውን ወረቀት)፣ የመብራትና የውኃ የመጨረሻ ደረሰኞችን ቀድሜ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ገዢው «ማህደሩን እንይ» ሲል በማግስቱ ወሰድኩት። ዋጋ ላይ ብዙም አልተከራከረም፣ በሦስት ሳምንት አለቀ።

ስለዚህ እህቴ ቅዳሜን ተይው። ሌላ ገዢ ካለ ይግዛ። ሰኞ ጠዋት ወኪሉን ይዛችሁ ማህደሩ ያለበት ቢሮ ሂዱ፣ ዋናውን ካርታና ዋናውን ውክልና ይያዝ። ያገኛችሁትን እዚሁ ጻፊልኝ። የቀብድ ውሉንም ከመፈረምሽ በፊት ስሞቹን ሸፍነሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።