መልስ፦ የእትብት ደም ወይስ የመቅኔ ለጋሽ መጠበቅ?

እህቴ፣ አይዞሽ። የ2 ወር ልጅሽ በሽታ የመከላከል አቅም ሳይኖረው እንደተወለደና ሐኪሞቹ የእትብት ደም (ሌላ ሕፃን ሲወለድ ከእትብቱ የተወሰደ ደም) ንቅለ ተከላ እንዳሰቡለት ጽፈሻል። «የመቅኔ ለጋሽ ብንጠብቅ አይሻልም?» ነው ጥያቄሽ።

የቲሹ ዓይነቱ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ካለው እሱን የሚያህል የለም። ከሌለ ግን ጊዜው ይሮጣል። እንዲህ ያለ ሕፃን ኢንፌክሽን ሳይዘው፣ 3 ወር ተኩል ሳይሞላው ቢሠራለት ውጤቱ በጣም ያምራል። ባዕድ ለጋሽ ተፈልጎ፣ ተመርምሮ፣ እሺ ብሎ እስኪሰጥ ወራት ሊፈጅ ይችላል። የእትብት ደም ግን ተመርምሮ ባንክ ውስጥ በረዶ ሆኖ ተቀምጧል። ደግሞ መቶ በመቶ ባይገጥምም ይሆናል። ከ6 የቲሹ መለኪያ 4ቱ ገጥሞም ሲሠራ ኖሯል። ለኛ ለሐበሾች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለጋሽ መዝገብ ላይ ያለነው ጥቂት ነን።

ጉዳቱን ልንገርሽ። የእትብት ደም ሴሎች ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። ቫይረስ አይተው ስለማያውቁም የመጀመሪያዎቹ ወራት ያስጨንቃሉ። ድጋሚ ቢያስፈልግ ያንኑ ለጋሽ መጥራት አይቻልም። ስለዚህ አባቱ ወይም አንቺ በግማሽ የምትገጥሙ ለጋሽ ሆናችሁ መስጠት ትችሉ እንደሆነ ጠይቂ፤ ዛሬ ብዙ ቦታ ይሠራል።

የራሱን እትብት ደም አስቀምጣችሁ ከሆነ አይረዳውም። የጂኑ ጉድለት እዚያም አለ። (ሻጮቹ ይህን ጮክ ብለው አይናገሩም!)

እስከዚያው ቢሲጂና የሮታ ክትባት እንዳይሰጠው፤ ሕያው ጀርም ነው ያላቸው። ጡት ስለማጥባትም ሐኪሙን አማክሪ፤ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ በወተት ይተላለፋል።