ለሃንድአውቱ ፈቃድ የምጠይቀው ማንን ነው?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በረዳት ምሩቅነት ተቀጥሬ ማስተማር ልጀምር ነው። ከሦስት መጻሕፍት ምዕራፎች ሰብስቤ ሃንድአውት ላዘጋጅ ስል አንድ ባልደረባዬ «ፈቃድ ሳትጠይቂ?» አለኝ። ማንን ልጠይቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገና ከጅምሩ ይህን ማሰብሽ ደስ ይላል። የባልደረባሽ ስጋት ተገቢ ነው። ግን ለሁሉም ነገር ፈቃድ አያስፈልግሽም።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል ከታተመ ሥራ ላይ መቅዳትን ይፈቅዳል። መጠኑ ግን ለትምህርቱ ከሚያስፈልገው ማለፍ የለበትም፤ ምንጩና የደራሲው ስምም ይጠቀሳል። አንድ ሰንጠረዥ ወይም ጥቂት ገጽ ከሆነ በዚህ ትሄጃለሽ። መጽሐፉን እንዳለ ኮፒ ቤት አስቀምጦ «ሂዱና አባዙ» ማለት ግን፣ የቱንም ያህል ቢለመድ፣ ልክ አይደለም። የእኛ አገር ደራሲ ብዙ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚያሳትመው። ያ ኮፒ እንጀራውን ይነካል።

ሙሉ ምዕራፍ ስትወስጂ ጠይቂ። የርዕሱን ገጽ ገልብጪና ጀርባውን እዪ፤ ባለመብቱ እዚያ ተጽፏል። በአማርኛ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው፤ ስልኩንም እዚያው ልታገኚ ትችያለሽ። ደውዪለት፤ እሺ ካለሽ በጽሑፍ ተቀበዪ። የውጭ መጽሐፍ ከሆነ የምትጽፊው ለአሳታሚው ነው።

«መጽሐፍዎን ለማስተማሪያ ልጠቀምበት» የሚል ደብዳቤ መልስ ለመስጠት ያስቸግራል። እንዲህ በዪ፦ «ከሁለተኛው እትም ምዕራፍ 4ን፣ ከገጽ 61 እስከ 84፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ ለ45 ተማሪዎች በወረቀት አባዝቼ ያለ ክፍያ ለማደል ፈቃድዎን እጠይቃለሁ።» ኦንላይን የምትጭኚው ከሆነም ለይተሽ ጻፊ፤ የወረቀቱ ፈቃድ ለዚያ አይሆንም።

ዝም ካሉሽስ? ዝምታ ፈቃድ አይደለም። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለንባብ እንዲቀመጥ አድርጊ፤ ሐሳቡን ደግሞ ምንጩን ጠቅሰሽ በራስሽ አገላለጽ ጻፊው። ሕጉ የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። የጆርናል ጽሑፍ ከሆነ ፒዲኤፉን ከማባዛት ሊንኩን ስጫቸው። በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ባለመብቱ ሌሎች በምን ሁኔታ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉ አስቀድሞ የሚገልጽበት ክፍት ፈቃድ) የወጣ ሥራ ካገኘሽ ደግሞ የፈቃዱን ዓይነት አንብቢ እንጂ ደብዳቤ አያስፈልግሽም።

ያገኘሻቸውን ፈቃዶች በአንድ ፋይል አስቀምጪ። ሃንድአውቱን ነገ ወደሚሸጥ መማሪያ መጽሐፍ ብታሳድጊው ለክፍል የተሰጠሽ ፈቃድ አይበቃም፤ እንደገና መጠየቅ ይኖርብሻል። አሳታሚዎች ሳምንታት ሊያቆዩሽ ስለሚችሉ ደብዳቤዎቹን ሴሚስተሩ ሳይጀመር ላኪ።