መልስ፦ የሺንፋው የድንጋይ መሣሪያ ዕድሜ በምን ታወቀ?

ወንድሜ፣ መተማ አካባቢ ሺንፋ ወንዝ ዳር የተገኘው መሣሪያ 74,000 ዓመቱ መሆኑ በካርቦን ተለክቶ ነው ወይ ላልከው፣ አይደለም። ካርቦን 14 (በሕይወት በነበሩ ነገሮች ቅሪት ውስጥ የሚገኝ፣ እየበሰበሰ የሚሄድ የካርቦን ዓይነት) በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከ50,000 ዓመት ወዲያ የሚለካ ነገር አይተርፍም ማለት ይቻላል።

የሺንፋው ግን ደስ ይላል። ድንጋዩ ራሱ መቼ እንደተጠረበ አይናገርም፤ የሚለካው የተቀበረበት አፈር ነው። ተመራማሪዎቹ ከአፈሩ ውስጥ በዓይን የማይታይ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ስብርባሪ ለቅመው አወጡ። ኬሚካላዊ ይዘቱ ሲታይ ኢንዶኔዥያ ሱማትራ ደሴት ካለው ከቶባ እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመ። ቶባ የፈነዳው ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ብናኙ ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ እኛ የጎንደር ቆላ ድረስ መድረሱ እስካሁን ይገርመኛል!

ሉሲ እንደተገኘችበት እንደ ሐዳር (አፋር) ባሉ በጣም ጥንታዊ ቦታዎች ደግሞ የእሳተ ገሞራ አመዱ ንብርብር ራሱ በአርጎን (በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ከፖታሲየም መበስበስ ቀስ በቀስ በሚጠራቀም ጋዝ) ይለካል። የሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።